እንግዳ በዕጣ የሚደርስበት ግንብ

በኮሎምበስ ኦሃዮ መሃል ከተማ፣ በብሮድ ጎዳና ላይ በሚገኘው ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ፣ ስልሳ አምስት ዓመት ያህል አንድ የነሐስ ሰው ቆሞ ነበር። ከተማዋ በስሙ የተሰየመችለት የመርከበኛው የክሪስቶፈር ኮሎምበስ ሐውልት ነው። የሠራው ጣሊያናዊው ቀራጺ ኤዶአርዶ አልፊየሪ ሲሆን፣ በ1955 በስጦታ የላከችው መርከበኛው የተወለደባት ጄኖቫ ነበረች። ሁለቱ ከተሞች በዚያው ዓመት እህትማማች ተባሉ። በጁላይ 1 ቀን 2020፣ አሜሪካ በጆርጅ ፍሎይድ ሞት በምትታመስበት ሰሞን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሐውልቱን በክሬን አንሥቶ ወደ ማከማቻ ወሰደው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የዘመን ቁጥሩ የአውሮፓ ነው።)

ስለ ሐውልቱ የነበረውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። የእኔ ጉዳይ ከላኪዋ ጋር ነው። እዚህ ከተማ የሚኖር ሐበሻ ታክሲ ሲነዳም፣ መጋዘን ሲሠራም፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ሲያመጣም የአንድ ጄኖቫዊ ስም በየፖስታው ላይ ያያል። ጄኖቫን ግን የሚያውቃት ጥቂት ነው። ከተማዋ እንግዳ አቀባበልን በሕግ ደንግጋ፣ ባለጸጎቿን በዕጣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ያደረገች መሆኗን የሚያውቅማ ከዚያም ያነሰ ነው። እኛም በእንግዳ ተቀባይነታችን የምንኩራራ ሕዝብ ስለሆንን የጄኖቫን አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ደግ ነው።

ጄኖቫ ንጉሥ አልነበራትም። ከተራራና ከባሕር መካከል የተጣበቀች፣ ለእርሻ የሚሆን ሜዳ የሌላት፣ በመርከብና በብድር የከበረች ሪፐብሊክ ነበረች። የባሕር ኃይል አዛዡ አንድሬያ ዶሪያ በ1528 ሥርዓቷን እንደ አዲስ ካዋቀረ ወዲህ ዶጄ የሚባለው መሪ የሚመረጠው ለሁለት ዓመት ብቻ ሆነ። ሥልጣኑ ያለው በቤተሰቦች እጅ ነበር፤ ዶሪያ፣ ግሪማልዲ፣ ስፒኖላ፣ ሎሜሊኒ፣ ፓላቪቺኒ። እነዚህ ሰዎች የስፔንን ነገሥታት በወለድ የሚያበድሩ ነበሩ። ከአሜሪካ ማዕድን የሚወጣው ብር ሴቪያ ወደብ ከመድረሱ በፊት ጄኖቫዊው አበዳሪ በመዝገቡ ላይ አስፍሮታል። መንግሥቱ ድሃ፣ ዜጎቹ ሀብታም የሆኑባት ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ይህች ከተማ አንድ ችግር ነበረባት። ከስፔን ወደ ሚላኖ፣ ወደ ናፖሊ ወይም ወደ ቪየና የሚሄድ ልዑል፣ ካርዲናልና አምባሳደር ሁሉ የሚወርደው በእሷ ወደብ ነው። እንግዳው ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ጸሐፊው፣ ቄሱ፣ ሐኪሙ፣ ፈረስ ጠባቂው፣ ምግብ አብሳዩ ይከተሉታል። ንጉሥ የሌለው አገር የንጉሥ ግቢም የለው፣ የት ይስተናገዱ?

መልሱ በ1576 በሴኔቱ ውሳኔ ወጣ። ለመንግሥት እንግዳ የሚበቁ የግል ቤቶች ተመርጠው በዝርዝር እንዲመዘገቡ ተደነገገ። ዝርዝሩ በጣሊያንኛ ሮሊ ተባለ። ቤቶቹ በስፋታቸው፣ በአሠራራቸውና በክብራቸው በደረጃ ተከፈሉ፤ ለሮማው ጳጳስና ለንጉሥ የሚሆነው ሌላ፣ ለመስፍንና ለአገር ገዥ የሚሆነው ሌላ፣ ለአምባሳደር የሚሆነው ሌላ። እንግዳ ሲመጣ የእሱ ደረጃ የሆኑት ቤቶች ስም ከተጻፈበት የዕጣ ዕቃ አንድ ስም ይወጣል። ዕጣው የወጣበት ባለቤት አዳራሹን፣ አልጋውን፣ ግምጃውን አሰናድቶ ይቀበላል። አልፈልግም ማለት የለም። ዝርዝሩ በ1588፣ በ1599፣ በ1614 እና በ1664 እየታደሰ ሄደ፤ አንዱ ከሰረና ቤቱን ሸጠ ስሙ ይወጣል፣ ሌላው አዲስ ፎቅ ጨመረ ስሙ ይገባል፣ ወይም ከሦስተኛው ደረጃ ወደ ሁለተኛው ያድጋል። በአምስቱ ዝርዝሮች ውስጥ ያለፉት ቤቶች በጠቅላላው ከመቶ ሃምሳ ይበልጣሉ።

ዕጣ ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ዓመቱን ልብ ማለት ነው። በ1575 አሮጌው መኳንንትና አዲሱ መኳንንት ጎራ ለይተው ሊተላለቁ ደርሰው ነበር። በ1576 አዲስ ሕግ ወጥቶ ታረቁ። በዚያው ዓመት የመጣ ድንጋጌ፣ ንጉሥ በማን ቤት አደረ፣ ካርዲናሉን ማን ጋበዘ በሚል ቅናት እንደገና እንዳይጣሉ የታሰበበት ይመስለኛል። በጎጃምም በጎንደርም ርስት ሲከፋፈል ወንድማማቾች ዕጣ የሚጥሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዕጣ የሰጠውን ሰው አይወቅስም። እንግዳ መቀበል ሸክም ብቻ አልነበረምና። የስፔን ንጉሥ ዘመድ በቤትህ ሦስት ሌሊት ሲያድር፣ በአራተኛው ቀን የብድር ውል ለመፈራረም ከማንም ትቀርባለህ። ሸክሙንም ጥቅሙንም ሪፐብሊኩ በዕጣ አከፋፈለው።

የእነዚህ ቤቶች ማሳያ ዛሬ ጋሪባልዲ ጎዳና የሚባለው የጥንቱ ስትራዳ ኖቫ፣ «አዲሱ መንገድ» ነው። ርዝመቱ ወደ 250 ሜትር፣ ስፋቱ ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከአሮጌው ከተማ የተጨናነቀ ጉራንጉር ለመውጣት የፈለጉ ጥቂት ቤተሰቦች በ1550ዎቹ ቦታ ገዝተው በሁለቱም ወገን ግንብ ገነቡበት። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ቀና ብለው ካላዩ በቀር የፊት ለፊቱን ጌጥ አይጨርሱትም። እውነተኛው ክብር ያለው ከበሩ ወዲያ ነው።

ትልቁን እንይ፤ ዶሪያ ቱርሲ ይባላል። ያስጀመረው በ1565 ኒኮሎ ግሪማልዲ ነው። የስፔኑ ንጉሥ የዳግማዊ ፊሊጶስ አበዳሪ ስለነበር ሰዎች «ሞናርካው» ይሉት ነበር፤ ንጉሥ በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ቅጽል ስም ሙገሳም ሹፈትም ነው። የግንቡ ፊት ከፊናሌ በመጣ ሮዝማ ድንጋይ፣ በግራጫ ሰሌዳ ድንጋይና በካራራ ነጭ እብነ በረድ ተለብጧል። ቦታው ዳገት ነው፤ መሐንዲሶቹ ግን ዳገቱን በመናድ ፈንታ ሥራ ሰጡት። ከመንገዱ ሲገቡ ሰፊ መግቢያ አለ። ከመግቢያው ደረጃ ወጥተው በዓምድ ወደተከበበ አደባባይ ይደርሳሉ። ከአደባባዩ ማዶ ደረጃው ለሁለት ተከፍሎ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል። እንግዳው ገና ከበሩ ሳለ ቀና ቢል ደረጃውን፣ አደባባዩን፣ ዓምዱን፣ ከዚያ ወዲያ የአትክልቱን ብርሃን በአንድ መስመር ያያል። ባለቤቱ ከላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ወይም እንደ እንግዳው ማዕረግ እስከ ደረጃው አጋማሽ፣ እስከ አደባባዩ፣ እስከ በሩ ወርዶ ይቀበላል። የእኛ ሰው ይህን አያጣውም፤ ማን ለማን ከመቀመጫው ተነሣ፣ ማን ማንን እስከ የት ሸኘ የሚለውን ደረጃ ሳይኖረንም አሳምረን እንቆጥራለን።

ንጉሥን ማበደር ግን መዘዝ አለው። ፊሊጶስ በ1575 ክፍያ አቆምኩ ባለ ጊዜ የጄኖቫ አበዳሪዎች ተናጉ። በ1597 የግሪማልዲው ግንብ ወደ ዶሪያ ቤተሰብ ተላለፈ፤ ጆቫኒ አንድሬያ ዶሪያ ለትንሹ ልጁ ለካርሎ ገዛው። ካርሎ በኋላ የቱርሲ መስፍን ስለተባለ ቤቱም በዚያው ስም ቀረ። ከ1848 ወዲህ የጄኖቫ ማዘጋጃ ቤት ነው። የፓጋኒኒ ቫዮሊን የሚቀመጠውም እዚያ ነው። እንግዲህ የኮሎምበስ ኦሃዮ ማዘጋጃ ቤት እህት፣ ኮሎምበስ ከተወለደ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተሠራ የአንድ አበዳሪ ግንብ ናት።

ሠዓሊው ሩበንስ እነዚህን ቤቶች ያወቀው በእንግዳ አጀብ ገብቶ ነው። የማንቶቫው መስፍን ቪንቼንዞ ጎንዛጋ የግቢ ሠዓሊ ነበር፤ በ1607 መስፍኑ ከጄኖቫ ወጣ ባለችው ሳምፒየርዳሬና ሲያርፍ አብሮ ነበረ። የቤቶቹን ንድፍ ሰብስቦ አንትወርፕ ላይ በ1622 በመጽሐፍ አሳተመው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ የንጉሥ ግቢ ለተራ ሰው ትምህርት አይሆነውም፣ የጄኖቫ ቤቶች ግን የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ሆነው ንጉሥ ያስተናግዳሉ፤ የሰሜን አውሮፓ ባለጸጋ ከእነዚህ ይማር ነው የሚለው። ሩበንስ በ1606 የሳላት የብሪጂዳ ስፒኖላ ዶሪያ ሥዕል ዛሬ ዋሽንግተን በናሽናል ጋለሪ ተሰቅሏል፤ መግቢያው ነፃ ነው። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ቫን ዳይክ በ1623 የሳላት ሌላዋ ጄኖቫዊት፣ ኤሌና ግሪማልዲ ካታኔዮ አለች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ከዓምዱ ሥር ትራመዳለች። ከኋላዋ አንድ ጥቁር ልጅ ቀይ ጥላ ዘርግቶላታል። የእሷ ስም፣ የአባቷ ስም፣ የባሏ ስም ከሥዕሉ ጋር ተጽፎ ይገኛል። የልጁ የለም።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በሮሊ ዝርዝር ውስጥ ከነበሩት አንዱ፣ በቪኜ አደባባይ ላይ ያለው የግሪሎ ቤተሰብ ግንብ፣ ዛሬ በእርግጥም ሆቴል ነው፤ አልጋ ይዞ ማደር ይቻላል። ከዚሁ ከግሪሎ ቤተሰብ የሆነው ዶሜኒኮ ግሪሎ ከአምብሮጆ ሎሜሊኖ ጋር በ1662 ከስፔን ዘውድ ጋር ውል ገባ፤ ውሉ አፍሪካውያን ባሮችን ወደ ስፔን አሜሪካ የማቅረብ ብቸኛ ፈቃድ ነበር። የመኳንንት ቅርስ ሲባል ጣሪያው ላይ የተሳለው ሥዕልና በሩ ላይ የተቀረጸው ጋሻ ብቻ ከተቆጠረ ሒሳቡ ጎደሎ ነው። የኮሎምበስ ሰዎች በሐውልቱ የተከራከሩት ክርክር ጄኖቫም ውስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በየአዳራሹ አለ።

ከቤተሰቦቹ ሁሉ ታሪኩ የሚያስደንቀኝ የብሪኞሌ ሳሌ ነው። አንቶን ጁሊዮ ብሪኞሌ ሳሌ በ1605 የተወለደ፣ ጸሐፊና መኮንን የነበረ፣ ሚስቱ ፓኦሊና አዶርኖ ከሞተች በኋላ ዓለምን ንቆ ኢየሱሳዊ ቄስ የሆነ ሰው ነው። ልጆቹ ሮዶልፎና ጃን ፍራንቼስኮ ከ1671 እስከ 1677 በዚሁ ጎዳና ላይ ቀዩን ግንብ፣ ፓላትሶ ሮሶን አሠሩ። ለሁለት ወንድማማቾች ተብሎ የታሰበ ቤት ስለሆነ ሁለት የክብር ፎቅ አለው፤ አንዱ ላንዱ፣ ሌላው ለሌላው፣ ማንም ከማንም ሥር እንዳይሆን። ሮዶልፎ ልጅ ሳይወልድ ሞተና ሁሉም ለወንድሙ ዘር ሆነ። በላይኛው ፎቅ ያሉት አራት ክፍሎች ጣሪያቸው የአራቱ ወቅቶች ሥዕል ነው፤ በጋውንና ጸደዩን ግሬጎሪዮ ዴ ፌራሪ፣ መኸሩንና ክረምቱን ዶሜኒኮ ፒዮላ ሠሯቸው።

ሁለት መቶ ዓመት አለፈና የቤተሰቡ ስም በአንዲት ሴት ላይ አረፈ። ማሪያ ብሪኞሌ ሳሌ በ1811 ተወለደች። የጋሊየራ መስፍን የሚባለውን ራፋኤሌ ዴ ፌራሪን አገባች፤ በባቡር ሐዲድና በባንክ ከአውሮፓ ባለጸጎች ተርታ የገባ ሰው ነበር። እሱ በ1875 ለጄኖቫ ወደብ ማስፋፊያ 20 ሚሊዮን ሊሬ ሰጠ። እሷ ከዚያ ቀደም ብላ በ1874 ቀዩን ግንብ ከነሥዕሉና ከነዕቃው ለከተማው አስረክባ ነበር። በኋላም ከፊት ለፊቱ ያለውን ነጩን ግንብ፣ ፓላትሶ ቢያንኮን በኑዛዜ ጨመረች። ሆስፒታል ሠራች። በ1888 ፓሪስ ውስጥ አረፈች።

አንድ ልጇ ፊሊጶ የአባቱን ማዕረግም ሀብትም አልፈልግም ያለ ሰው ነው። የመስፍንነት ስሙን ትቶ፣ አንድ የኦስትሪያ መኮንን በማደጎ ልጅነት ተቀብሎት፣ ፓሪስ ውስጥ ቀላል ልብስ ለብሶ ይኖር ነበር። የሚያጓጓው ቴምብር ብቻ ነበር። ዓለም ላይ አንድ ብቻ የቀረውን የብሪቲሽ ጊያና ባለ አንድ ሳንቲም ቴምብርና ብርቅዬውን ቢጫ የስዊድን ቴምብር ሁለቱንም በእጁ አስገብቶ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በዜግነቱ ለፈረንሳይ ጠላት ሆነ። በ1917 ሎዛን ሞተ፤ ቴምብሮቹን ለበርሊን ፖስታ ሙዚየም ተናዞ ነበር፣ ፈረንሳይ ግን የጠላት ንብረት ነው ብላ ወረሰችና በ1920ዎቹ በተከታታይ ጨረታ ሸጠችው። ገንዘቡ ከጀርመን የጦርነት ካሳ ላይ ታሰበ። ያቺ የጊያና ቴምብር በ2014 ኒው ዮርክ ላይ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሽጣለች። እናት ግንቧን ለከተማዋ ሰጥታ ዛሬ ሰው ሁሉ ይጎበኘዋል፤ የልጁ ስብስብ ግን በዓለም ተበተነ። በ1942 የእንግሊዝ ቦምብ ቀዩን ግንብ ጎድቶት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ መሐንዲሱ ፍራንኮ አልቢኒ አደሰው።

ስለ ጄኖቫ ወደብ ካነሣን አይቀር፣ ለእኛ የማይረሳ ነገር አለ። በኖቬምበር 1869 ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል ሚስዮናዊ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ። ኩባንያው የጄኖቫ ነው። መሬቱን በ1882 የጣሊያን መንግሥት ተረከበው። የቀረውን ዓድዋ ድረስ ያለውን ታሪክ አንባቢ ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። ወደብ ላይ ለመርከብ ማረፊያ ትሁን ተብላ የተገዛች ቁራጭ መሬት በ27 ዓመት ውስጥ ጦር አመጣች፤ እንግዳ ነኝ ብሎ የገባ ሁሉ እንግዳ አይደለም።

ከዚያ አምስት መቶ ስልሳ ዓመት አስቀድሞ ግን እንግዶቹ እኛ ነበርን። በ1306 ገደማ፣ በአፄ ወድም አርዓድ ዘመን፣ ሠላሳ ያህል ኢትዮጵያውያን መልእክተኞች ወደ ስፔን ንጉሥ ዘልቀው ሲመለሱ ነፋስ እስኪመቻቸው ጄኖቫ ለብዙ ቀናት ቆዩ። በወደቡ አጠገብ ያለው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለቃ ጆቫኒ ዳ ካሪኛኖ ካርታ ሠሪ ነበርና እየጠየቀ ስለ አገራቸው፣ ስለ ሥርዓታቸው፣ ስለ ሃይማኖታቸው ጻፈ። መጽሐፉ ጠፋ። ጭብጡ በ1483 ቬኒስ ላይ በታተመ የያዕቆብ ፊሊጶስ ፎሬስቲ ዜና መዋዕል ውስጥ ተርፎ ሊቃውንት ለረዥም ጊዜ በዚያ ብቻ ሲያውቁት ኖሩ። በ2019 አሌሳንድሮ ባውሲና ፓኦሎ ኪየዛ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ ጋልቫኖ ፊያማ የሚባል የሚላኖ መነኩሴ በ14ኛው መቶ ዓመት በጻፈው የዓለም ታሪክ ውስጥ ከዚያ ከጠፋው ጽሑፍ የተወሰደ ሰፋ ያለ ክፍል ማግኘታቸውን አሳወቁ። የዘመኑና የመልእክተኞቹ ማንነት ጉዳይ አሁንም ያከራክራል። የሚገርመው ግን ሌላ ነው፤ ያው የመነኩሴው መጽሐፍ ከግሪንላንድ ወደ ምዕራብ ስላለ «ማርካላዳ» ስለሚባል ምድር ይናገራል። ወሬውን ያገኘው ከጄኖቫ መርከበኞች ሳይሆን አይቀርም ይላል ኪየዛ። ኮሎምበስ ከመወለዱ መቶ ዓመት በፊት፣ የሐበሾች ዜናና የአሜሪካ ዜና በአንድ ብራና ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። የኮሎምበስ ኦሃዮ ሐበሾች ይህን በማኅበር ስብሰባ ላይ ቢጠቅሱት አይበዛባቸውም።

እኛስ አገር የመንግሥት እንግዳ የት ያድር ነበር? በነገሥታቱ ዘመን መንገደኛው የንጉሥ እንግዳ ከሆነ ድርጎ ይታዘዝለታል፤ እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ፣ ጠላው፣ የበቅሎው ገብስ። የሚያወጣው የአካባቢው ገበሬ ነው። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በ1520 ከመልእክተኞች ጋር ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሲጓዝ፣ ጓዛቸው ከመንደር ወደ መንደር በአገሬው ሰው ትከሻ እየተላለፈ እንደሚሄድ ጽፏል። መኳንንቱ እንግዳውን በክብር ይቀበሉታል፤ ሸክሙ ግን ባላገሩ ጫንቃ ላይ ነው። ከእንግዳ የከፋው ደግሞ ተሰሪው ነበር፤ በገበሬ ቤት የሚመራ ወታደር። ምግቡን፣ አልጋውን፣ አንዳንዴም የቤቱን ሰላም ይወስዳል። ምኒልክ ከክፉ ቀን በኋላ በ1892 አሥራት የደነገጉበት አንዱ ምክንያት ገበሬውን ከዚህ ለማሳረፍ ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጄኖቫም ኢትዮጵያም እንግዳን ያከብራሉ፤ እግር ማጠቡ፣ ጥሩውን አልጋ መልቀቁ በእኛ ቢብስ እንጂ አያንስም። ጄኖቫ ግን ሸክሙን መሸከም የሚችለው ላይ ጣለችው፤ ትልቅ ግንብ ከሠራህ ስምህ ይጻፋል፣ ዕጣህ ይወጣል። እኛ ዘንድ ትልቁ ሰው አዘዘ፣ ትንሹ ሰው አቀረበ። እንግዳ ተቀባይነታችንን በየመድረኩ ስናወድስ የዚያን ገበሬ ስም አንጠራም፤ እንደ ጥላ ያዡ ልጅ። ለነገሩ የእኛዎቹ ነገሥታት አንዳንዱን እንግዳ አብዝተው ወደውት መሄጃ ይከለክሉት ነበር። ፖርቱጋላዊው መልእክተኛ ፔሮ ዳ ኮቪሊያን በ1490ዎቹ ደርሶ ርስትና ሚስት ተሰጠው፤ አልቫሬስ ሲደርስ ሸምግሎ እዚያው አገኘው። ጄኖቫ ቢያንስ ትሸኛለች።

ከድርጎ ወደ ሆቴል የተሻገርነው በእቴጌ ጣይቱ ብጡል ነው። ጣይቱ ከሰሜንና ከየጁ መሳፍንት ወገን ናቸው፤ የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ነበሩ። በቤታቸው ግብር የማብላትን ሥርዓት ከማንም ይበልጥ የሚያውቁ እመቤት፣ በ1898 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር በገንዘብ የሚበላበትና የሚታደርበት ቤት አቋቋሙ። እቴጌ ሆቴል ተባለ፤ አሁን ጣይቱ ሆቴል እንለዋለን። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ጃዛምባ የሚባለውን የሙዚቃ ቤት ጨምሮ ብዙውን ክፍል አቃጠለው፤ ሆኖም ሆቴሉ ታድሶ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ። የእንጨት ወለሉና የውጭ ሰገነቱ የጥንቱን መልክ ይዘዋል።

የጄኖቫዎቹ ግንቦች አርባ ሁለቱ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነዋል። የሮሊ ቀናት በሚባሉት ዕለታት በወትሮው የማይከፈቱት በሮች ሳይቀሩ ይከፈታሉ፤ የከተማው ሰው እየተሰለፈ ይገባል። አንዳንዱ ባንክ፣ አንዳንዱ ጠበቃ ቢሮ፣ አንዳንዱ ቤተ መዘክር ነው። የስፒኖላ ቤተሰብ የመጨረሻዎቹ ባለቤቶች የፔሊቼሪያውን ግንብ በ1958 ለመንግሥት ሰጥተዋል። የአንድሬያ ዶሪያ ግቢ ግን፣ በ1533 ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ አምስተኛው ያረፈበት፣ ዛሬም በወራሾቹ በዶሪያ ፓምፊሊ ቤተሰብ እጅ ነው፤ ቲኬት ቆርጦ መግባት ይቻላል። ከኮሎምበስ የሚሄድ ሰው ቀጥታ በረራ አያገኝም፤ ሚላኖ ወርዶ በባቡር ወደ ደቡብ መውረድ ይሻለዋል። ከፕሪንቺፔ ጣቢያ ሲወጣ የዶሪያ ግቢ አጠገቡ ነው።

የጣይቱ ሆቴል ሲከፈት ሆነ ተብሎ ሲነገር የኖረ ጨዋታ አለ። ምግብ በገንዘብ መግዛት ነውር ስለነበር ወደ ሆቴሉ የሚገባ ሐበሻ ጠፋ። ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው አበሏቸው፤ ሁሉም የንጉሥ ግብር መስሏቸው በሉ፣ ጠጡ። ኋላ እንደገና ሲመጡ ሒሳብ ተጠየቁ። የግብሩን ዘመን ሲበሉ የኖሩ ጌቶች ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ ይባላል። ኮሎምበስ ውስጥ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ነገሩ ተገልብጧል። አራት ሰው አብሮ በልቶ ሲጨርስ አራቱም ካርዳቸውን ይዘው ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ይሽቀዳደማሉ፤ አንዱ ገና ምግቡ ሳይመጣ ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብሎ ተነሥቶ ቀድሞ ከፍሎ ተመልሷል። ሦስቱ ተቆጥተውታል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማን እንደሚከፍል እዚያው በር ላይ ቆመው እየተከራከሩ ነው።